ሕፃናት በለዩት ፊደል እውነተኛ ነገር ያነቡ ዘንድ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ፣ ባሕር ዳር፤
ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ ደብረ ብርሃን፤
እንዲሁም በይፋት ቆላ ለምትኖሩ ወላጆችና መምህራን ሁሉ



ይህን ግልጽ ደብዳቤ ከማጀቴ የምጽፍላችሁ በማንም ላይ ክስ ለማቅረብ ሳይሆን፣ ፊደል በመለየት ላይ ለሚገኙት ሕፃናት አንድ ዐይነት ትንሽ መጽሐፍ እንዲጻፍላቸውና እንዲታተምላቸው ለማሳሰብ ነው። የመጽሐፉ ጠባይ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሕፃኑ እስከዚያች ቀን ድረስ በለያቸው ፊደላት ብቻ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ካልተማራቸው ወገን አንዲት ሆሄ እንኳ እንዳትገባበት መከልከሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ተረትና ልብ ወለድ ትቶ፣ ስለ በሬና ስለ ግመል፣ ስለ ማሽላና ስለ ማሾ፣ ስለ በልግ ዝናምና ስለ ቦርከና ወንዝ፣ ሕፃኑ ከደጁ ወጥቶ በዐይኑ ሊመረምረው የሚችለውን እውነት መናገሩ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሠርቶ ለማሳየት ግን የሰዋስው ዐዋቂ፣ የእርሻ ዐዋቂና የሕፃናት መምህር በአንድ ገበታ ዙሪያ መቀመጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህም ጉዳዩን በሰፊው እስካስረዳ ድረስ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ንባብን ከድምፅ አንሥቶ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ዘዴ እንደ ሆነ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ፊደላችን ግን በጠባዩ ሌላ መንገድ የሚሰጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሆሄ አንድ ድምፅ ከነአናባቢው የተሸከመ ስለ ሆነ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን መልኮች የለየ ሰው፣ ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ቢሆን እንኳ ከሞላ ጎደል ሊያነበው ይችላል። አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያስተምሩ የነበሩት የኔታዎች፣ ሕፃኑ ሀሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ሲያወርደው ሰምተው አልተታለሉም፤ ያ ዜማ በጆሮ ገብቶ በአፍ የወጣ፣ ዐይን ያልተካፈለበት ሊሆን እንደሚችል ስለ ተረዱ፣ ያንኑ ፊደል ሥርዓቱን አፋልሰው፣ የመጀመሪያውን ከግዕዝ፣ ሁለተኛውን ከካዕብ፣ ሦስተኛውን ከሣልስ እያወጣጡ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብለው እንደ ገና ደረደሩለት። በዚህ አደራደር ፊት የቀረበ ሕፃን፣ ገበታውን በቃሉ ብቻ ይዞት ከሆነ ይደናበራል፤ በዐይኑ ለይቶት ከሆነ ግን ያልፋል። እኔ እንደምፈርደው፣ በትምህርት ታሪካችን ከተገኙት ብልሃቶች ሁሉ አቡጊዳን የሚያህል የለም፤ ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት እንደ ተራ የፊደል ጌጥ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መቅረቱም ያሳዝነኛል።

ወደ እንግሊዝ አገር ብንሻገር ይኸው አሳብ በሌላ ልብስ ይገኛል። የእንግሊዞች አጻጻፍ ከአነጋገራቸው ጋር በብዙ ቦታ የማይስማማ ስለ ሆነ፣ ሕፃን ቃሉን እንዳለ በመልኩ ይወቀው ወይስ በድምፅ እየፈታ ያንብበው በሚለው ነገር እነርሱም አሜሪካኖችም ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ በመጨረሻም የእንግሊዝ መንግሥት የድምፁን ወገን መርጦ፣ በእኛ አቈጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ገደማ በሆናቸው ሕፃናት ላይ ፈተና አቆመ። ፈተናው 40 ቃላት አሉት፤ ከእነዚህም 20ዎቹ ምንም ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ብቻ የተፈጠሩ የድምፅ ድርድሮች ናቸው፤ ይህም የሆነው ሕፃኑ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን እንዳያነበንብ፣ በፊቱ የተጻፈውን ፈትቶ እንዲያሳይ ነው። የኔታ በአቡጊዳ ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ነበር።

ይሁን እንጂ የጥንቱ ትምህርት አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይህን መናገር አባቶችን መንቀፍ አይሆንም። ከአቡጊዳ ቀጥሎ ለሕፃኑ የሚሰጠው የመጀመሪያው ጽሑፍ የዮሐንስ መልእክት ነበር፤ ያንን ሆሄ በሆሄ ከቈጠረ በኋላ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ይለማመድና ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ ሁሉም ግን በግዕዝ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ አፉ የሚያነበውን ልቡ አያስተውለውም፤ ምሥጢሩ የሚገለጥለት፣ ዕድል ገጥሞት ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት የዘለቀ እንደ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በይፋት ምድር አብረውን የኖሩት የእስላም ወገኖቻችን ልጆችም በሉሕ ላይ ተጽፎላቸው ቁርአን ሲቀሩ መንገዳቸው ተመሳሳይ ነበር፤ የዐረብኛውን ሆሄ በድምፅ ፈትተው ያነቡታል፤ ትርጉሙ ግን ወደ ኪታብ እስኪደርሱ ድረስ ይዘገያል። ሁለቱም ወገኖች የተዋጣላቸው አንባብያንን አፍርተዋል፤ ነገር ግን ማንበብንና ማስተዋልን በመካከላቸው ረዥም ዘመን አስገብተው ለያዩአቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት ለማሟላት አማርኛን የንባብ ቋንቋ አደረገ። የጎረቤታችን የቡልጋ ሰው የሆኑት ተስፋ ገብረ ሥላሴ በማተሚያ ቤታቸው እያተሙ ያሠራጩት ገበታ ፊደል በየቤቱ ገባ፤ የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌም በየክፍሉ ተነበበ፤ እኔም ለእነዚህ ሁለቱ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ከገበታው እስከ መጽሐፉ ድረስ ያለውን ቦታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ገበታው ላይ 33ቱ አርእስተ ፊደል በሰባት ተባዝተው 231 ሆሄያት ቆመዋል፤ እነርሱን ሳይጨምሩ እንደ ኳ እና እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎች አሉ፤ መጽሐፉ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጹ ጀምሮ ሁሉንም እያደባለቀ ይጠቀምባቸዋል። ሕፃኑ ሁሉን ለይቶ እስኪጨርስ ድረስ ምን ያንብብ? መልሱ፣ ምንም የሚል ሆኖ ኖሯል፤ ወይም ደግሞ መምህሩ የሚያነበውን ተከትሎ፣ ጣቱን ከመስመሩ ላይ እያሄደ፣ እንዲጮኽ ተደርጓል። አንድ ገጽ በሳምንት ውስጥ ተመላልሶ የተጮኸ እንደ ሆነ፣ ሕፃኑ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞት እንኳ ሳይሳሳት ሊወጣው ይችላል። ወላጅ ይህን ሰምቶ ልጄ አነበበልኝ ብሎ ደስ ይለዋል።

የዚህ ፍሬ ምን እንደ ሆነ በ2002 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ በስምንት ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ ምዘና፣ ከ13,000 የማያንሱ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በየራሳቸው ቋንቋ አንድ ባንድ እየተጠሩ ተፈትነው ነበር፤ ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 ከመቶው ለደረጃቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ 48 ከመቶው ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ የቀሩ አልነበሩም፤ ሁለት ዓመት በወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ ርዳታ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቷል፤ ፊደልን ከድምፅ ጋር እያዛመዱ ደረጃ በደረጃ ማስተማርም በመምህራኑ መምሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ በጎ ሥራ ነው። የጎደለው፣ ከመማሪያው ጐን የሚቆም፣ ሕፃኑ ብቻውን የሚይዘው፣ ከቤቱ ወስዶ ለአያቱ የሚያነበው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ለአንድ የፊደል ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ንባብ ደግሞ ያለ ብዙ ልምምድ አይፈጥንም፤ ንባቡ ያልፈጠነለት ሕፃንም የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ስለሚረሳ፣ የዐረፍተ ነገሩ ምሥጢር ከእጁ ያመልጣል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ የምጠይቀው ነገር ሊሠራ የሚችል መሆኑን ማሳየት ይገባኛልና። መምህሩ አስቀድሞ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ገ እና የ የሚባሉትን ዘጠኝ ቤተሰቦች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አስለይቷል እንበል፤ ሕፃኑ 63 ሆሄያት አሉት ማለት ነው። በእነዚህ ብቻ ስለ በሬ መጻፍ ይቻላል፤ «በሬ ያርሳል፤ በሬ ገለባ ይበላል።» ስለ ዱር አውሬ መጻፍ ይቻላል፤ «በግ ሳር ይበላል፤ ነብር በግ ይበላል።» ስለ ቆላ ከብት መጻፍ ይቻላል፤ «ግመል ግራር ይበላል።» እነዚህ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉም እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም ከዘጠኙ ቤተሰብ አልወጡም፤ ሕፃኑም ከበረት ገብቶ ወይም ከመንገድ ቆሞ የተጻፈው እንደ ሆነ ሊያረጋግጥ ይችላል። በዚያው ላይ ገብስ፣ ምስር፣ ተልባ፣ በርበሬ፣ ማር፣ ንብ፣ በልግ፣ መሬት፣ ምርት፣ ተራራ፣ ሰጎን የሚሉት ቃላት ሁሉ ክፍት ናቸው፤ እሑድ እሑድ ደገኛው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝበት የሰንበቴ ገበያም ከነስሙ ሊጻፍ ይችላል። (የማጀቴ ልጅ ግን የከተማውን ስም ከመጻፉ በፊት ጀ እስክትመጣ ድረስ መታገሥ አለበት፤ ይህን ለመምህራን ስነግራቸው ጀን ወደ ፊት እናምጣት አሉኝ፤ እኔም አልተቃወምኩም።)

ከዚያ ቀጥሎ ሸ ትጨመር። ሸ ከሰ ላይ ሰረዝ ተደርጎ ለአማርኛ ከተፈጠሩት ሰባት ፊደላት አንዷ ናት፤ በግዕዝ ቋንቋ ስለማትገኝ፣ በጥንቱ ትምህርት ቤት የነበረ ሕፃን ከገበታው ላይ ቢለያትም፣ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ አንድ ጊዜ እንኳ አያገኛትም ነበር። የይፋት ቆላ እርሻ ግን የተጻፈው በእርሷ ነው። ማሽላ በእርሷ ነው፤ ማሾም በእርሷ ነው፤ ሽንብራም እንዲሁ፤ ከ ስትታከል ደግሞ ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ይመጣል። አንዲት ቤተሰብ ስትገባ የአገሩ ማሳ እንዳለ ወደ መጽሐፉ መግባቱን ያየ ሰው፣ የፊደሉ ቅደም ተከተል ከገበታው አሰላለፍ ይልቅ ከሕፃኑ አገር ጋር ቢስማማ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ያስተውላል። እስቲ አስቡት፤ ስለ ማሾ የሚናገር ዐሥራ ስድስት ገጽ መጽሐፍ ቢኖር፣ ማሾ ከተዘራ በኋላ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እንደሚደርስ፣ የፍሬው ልባስ አረንጓዴ ሆኖ ኖሮ ሲደርቅ እንደሚጠቁር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ በእጅ እየተመላለሱ እንደሚለቅሙት፣ ከሥሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን እባጮች አማካይነት ከአየር የተገኘውን ናይትሮጅን ለመሬቱ እንደሚተውለት፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፊደሉ በፈቀደ መጠን ቢነገር፣ ይህ ለሕፃኑም ለአባቱም ንባብ ይሆናል።

ስለ ምን እውነተኛ ነገር ብቻ ትላለህ፣ ተረት ምን አደረገህ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ተረትን አልጠላም፤ ተረት ግን ለሕፃኑ ከአያቱ አፍ ይደርሰዋል፤ መጽሐፍ እስኪጻፍለት አይጠብቅም። በወረቀት ላይ ያላገኘው ሌላውን ነው። የአገራችን ሊቃውንት ስለ ፍጥረት መጻፍን አልናቁትም፤ ፊሳልጎስ ከጽርእ ወደ ግዕዝ ከተመለሱት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ አዕባን ይተርካል፤ አክሲማሮስም ሥነ ፍጥረትን በየዕለቱ ያትታል። ሆኖም ፊሳልጎስ ፍጥረቱን የሚያነሣው ምሥጢረ ሃይማኖትን ለማስረዳት ስለ ሆነ፣ ከሚነግረን ጠባየ አራዊት ብዙው በዐይን ሊታይ የሚችል አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ለጎልማሶች የተዘጋጁት የማንበቢያ ጽሑፎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ውኃ ንጽሕና የሚናገሩ ነበሩ፤ ገበሬ የሚጠቅመውን ነገር ሲያነብ ይተጋል ተብሎ ስለ ታመነ። የገበሬው ልጅስ ለምን ከዚህ ተከለከለ? ግመል በሻኛው ውስጥ የሚያከማቸው ውኃ ሳይሆን ስብ መሆኑን ለማወቅ የሰባት ዓመት ልጅ ከማንም ይልቅ ይጓጓል። እውነተኛ ነገር የሚናገር መጽሐፍ ሌላም ጸጋ አለው፤ ሕፃኑ ያነበበውን ከሚያውቀው ጋር አስተያይቶ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በአንደኛ ክፍል ሳለ በመጽሐፍ ላይ መፍረድ የለመደ ሰው፣ ካደገ በኋላ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይመስለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ይፋት ባለፉት ዓመታት ያሳለፈችውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሁሉ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በማጀቴና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደብረ ሲና ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ሀሁን የሚጀምረው የሰባት ዓመት ሕፃን ብቻ አይደለም፤ ዐሥር ዓመት የሞላው፣ ዐሥራ ሁለትም የሞላው፣ ከብት የሚጠብቅ፣ ማሳ የሚያርም፣ ስለ ዓለም ብዙ የሚያውቅ ልጅ በዕድሜ ከእርሱ በብዙ ከሚያንስ ሕፃን ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣል። ለዚህ ልጅ አይጥና ድመት የሚጫወቱበትን ተረት አቅርባችሁ አንብብ ብትሉት ይሸማቀቃል፤ መጽሐፉን አጥፎ ይወጣል፤ አይመለስም። ስለ በሬና ስለ ግራር፣ ስለ መስኖና ስለ ንብ የሚናገር ጽሑፍ ግን ፊደሉ ጥቂት ቢሆን እንኳ ክብሩን አይነካበትም፤ የሚያውቀውን ነገር በጽሑፍ ስለሚያገኘው፣ ፊደሉ ቢያስቸግረው ዕውቀቱ ይደግፈዋል። ለትንሹም ለትልቁም የሚስማማ ጀማሪ መጽሐፍ ከተፈለገ፣ ከእውነተኛ ነገር የተሻለ አላውቅም።

ችግሩን አልሸሽግም። ፊደልን መገደብ ጸሐፊን ያስጨንቃል። ለምሳሌ ቸ ካልተለየች ላም የምታደርገውን መናገር ያስቸግራል፤ ላም ትበላለች፣ ትታለባለች፣ ትወልዳለች ስንል ሁሉ ቸ በመጨረሻ ትመጣለችና፤ እስከዚያ ድረስ መጽሐፉ ከላም ይልቅ ስለ በሬ ይናገራል። ወ ከሌለች ነው ማለት የለም፤ አ ከሌለች አይበላም፣ አልበላም የመሳሰሉት አፍራሽ ግሦች የሉም። እነዚህ ሦስቱ እንግዲህ በገበታው ላይ የትም ይቁሙ የት ቶሎ መምጣት አለባቸው። ሌላው ችግር ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አለመለየቱ ነው። «በሬ ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ በሬው በልቶ ይሁን ተበልቶ፣ ጽሑፉ አይነግረንም፤ «በሬ ገለባ ይበላል» ሲባል ግን ነገሩ ይረጋል፤ ጀማሪውን ሕፃን ለሁለት በሚነበብ ቃል ፊት ብቻውን አለማቆም የጸሐፊው ኀላፊነት ነው። በጎረቤታችን በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በቁቤ የሚማሩት ልጆች የሚጠብቀውን ድምፅ ሆሄውን ደግመው ስለሚጽፉት ከዚህ ችግር በብዙው ነፃ ናቸው፤ ለእነርሱም ይኸው መጽሐፍ በቋንቋቸው ቢዘጋጅ ሥራው ከእኛው ይቀላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ ስለ መለያየታቸውም ሊቃውንቱ የሚከራከሩትን ይከራከሩ፤ ለጀማሪ መጽሐፍ ግን ከየወገኑ አንዱን ብቻ ይዞ መጀመር፣ ሌላውን በኋላ ማስተዋወቅ ይበቃል። ከላይ በምሳሌዎቼ ሳርን በሰ የጻፍኩት ስለዚህ ነው፤ የቀለም ሰዎች ይቅር በሉኝ።

የሥዕሉንም ነገር አደራ እላለሁ። የግመል ሥዕል ከጽሑፉ በላይ ታትሞ እንደ ሆነ፣ ሕፃኑ ግመል የሚለውን ከሥዕሉ ያገኘዋል፤ ፊደሉን አይመለከተውም። ስለዚህ ጽሑፉ በአንድ ገጽ፣ ሥዕሉ ገጹ ሲገለጥ በጀርባው ቢሆን፣ ሕፃኑ አስቀድሞ ያነብባል፤ ገልጦም ማንበቡ ልክ መሆኑን ያያል። ወጪ የሌለበት ማሻሻያ ስለ ሆነ አጥብቄ እጠይቀዋለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ሾልካ የምትገባ ያልተለየች ፊደልም እንደ ቀላል መታየት የለባትም፤ እንጀራ ውስጥ እንደ ገባ አሸዋ ናት፤ አንዲት ብቻ ብትሆንም ሕፃኑ ከዚያ በኋላ እየፈራ ነው የሚጐርሰው። እያንዳንዱ ረቂቅ ከመታተሙ በፊት የተፈቀዱትን ፊደላት ዝርዝር ይዞ ሌላ ምንም ሳያይ ሆሄያቱን ብቻ የሚቈጣጠር አንድ ሰው ይመደብለት።

ጸሐፊ ከየት ይገኛል ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሕፃናት መምህራንን ያሠለጥናል፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ቆላችን ሰብልና ስለ ደጋችን ከብት ዕውቀት ያላቸው ሰዎች አሉት፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የቋንቋ መምህራን አሉት። እነዚህ ሦስቱ ከየወረዳው ከተመረጡ የአንደኛ ክፍል መምህራን ጋር በአንድ ክረምት ቢሰበሰቡ፣ ለእያንዳንዱ የፊደል ደረጃ ሦስት ሦስት መጽሐፍ ማዘጋጀት ይችላሉ። መጽሐፉ ባለ ቀለም እንዲሆን አልጠይቅም፤ በጥቁር ቀለም የታተመ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ ተቈርጦ በሁለት ሽቦ የተሰፋ ዐሥራ ስድስት ገጽ ይበቃል። ረቂቁ ሲያልቅ ከማተሚያ ቤት በፊት ወደ ሕፃናቱ ይሂድ፤ በአንጾኪያና ገምዛ፣ በኤፍራታና ግድም፣ በቀወት ወረዳ ጥቂት ክፍሎች ውስጥ ይነበብ፤ ሕፃኑ የተደናቀፈበት ቃል ይታረም ወይም ይውጣ። ስለ ማድረሱም መንገድ የለም የሚል ቢኖር፣ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አስጭነው ወደ ልጆች ማድረሳቸውን አስታውሰዋለሁ፤ አህያ ከእኛም አገር አልጠፋም።

ወላጆች ሆይ፤ ከእናንተ የምሻው ጥቂት ነው። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገጹን በዜማ ቢያወርድላችሁ ከማመስገናችሁ በፊት፣ ከመካከል አንዱን ቃል በጣታችሁ አመልክታችሁ ይህን አንብብልኝ በሉት፤ ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ከዐይኑ አመለካከት ታውቁታላችሁ።

መምህራን ሆይ፤ መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ ጥቁር ሰሌዳ አላችሁ፤ ዛሬ ባስለያችኋቸው ፊደላት ብቻ ስለ አገራችሁ እውነት የሆኑ አራት ዐረፍተ ነገሮችን በየዕለቱ ጻፉ፤ ደብተር ላይም አኑሯቸው፤ የጸሐፊዎቹ ጉባኤ ሲቀመጥ መነሻ ይሆኑታል።

የትምህርት ቢሮው ሹማምንት ሆይ፤ የክልሉ የአማርኛ መጻሕፍት ዝግጅት በእጃችሁ ነው፤ የዞኑም መምሪያ መምህራኑን ለመሰብሰብ ሥልጣን አለው። በመጪው ክረምት ይህን ጉባኤ እንድትጠሩ፣ በሬ፣ ግመል፣ ማሽላ፣ ማሾ፣ ንብና የሰንበቴ ገበያ የሚሉትን ስድስት መጻሕፍት ለመጀመሪያ አዘጋጅታችሁ በመስከረም ለይፋት ቆላ አንደኛ ክፍሎች እንድታደርሱ፣ መልሳችሁንም በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማጀቴ፣
የሕፃናት ንባብ ጉዳይ የሚገደው አንድ የአገሩ ሰው